መጽሐፉን ያሳተመው ጓደኛ

«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን መጀመሪያ ያነበብኩት በፎቶ ኮፒ ነው። አዘዞ ላይ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለ፤ ባለቤቱ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠ ጓደኛዬ ነው። አንድ ደንበኛ ሊያስገለብጠው ካመጣው መጽሐፍ ላይ ትርፍ ቅጂ አወጣና፣ በስፓይራል ጠርዞ፣ «እንካ፣ ያንተ ዲፓርትመንት ነው» ብሎ ወረወረልኝ። (ስለ ቅጂ መብት የምትቆጡኝ ካላችሁ፣ ኋላ ዋናውን ገዝቻለሁ።)

ቀልዱ ገብቶኛል። እኔ ከቤት ርቄ አራት ዓመት የተማርኩት ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ነው፤ በአማርኛ ሲጻፍ «የሕዝብ አስተዳደር»። በአራቱ ዓመት ውስጥ ስለ ማክስ ዌበርና ስለ ቢሮክራሲው ስንት ጊዜ እንደተፈተንኩ አላስታውስም። በዚሁ ስም፣ በዚሁ ጉዳይ፣ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ እንዳለ ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። የነገረኝ ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ጓደኛዬ ነው። እሱም ቢሆን አንብቦት አይደለም፤ ሽፋኑን አይቶ ነው።

ስለ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ ቀዳሚነቱ ነው። የመጀመሪያው ኢኮኖሚስት፣ የመጀመሪያው የልማት አሳቢ፣ ከዘመኑ የቀደመ ወዘተ። ይኼ ሁሉ ልክ ሊሆን ይችላል። እኔን ሲከነክነኝ የከረመው ሌላ ነገር ነው። መጽሐፉ የወጣው ደራሲው ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። የሞተ ሰው መጽሐፍ አያሳትምም። ያሳተመው ጳውሎስ መናመኖ የሚባል ወዳጁ ነው። በየጥናቱ ውስጥ የጳውሎስ ስም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነሳና ያልፋል፤ ወዲያው ወደ ንድፈ ሐሳቡ ይገባል። እኔ ግን ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ አቃተኝ። መጽሐፉን እንደ ሁለት ሰው ሥራ ብናነበው ምን ይለወጣል?

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ ልበል። ገብረ ሕይወት እ.ኤ.አ. በ1886 አድዋ አካባቢ ተወለደ። አባቱ ከአጤ ዮሐንስ ሠራዊት ጋር የዘመቱ ሰው ነበሩ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በወደቁበት ጦርነት ወደቁ። መተማ ለእኛ የመጽሐፍ ስም አይደለም። ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ከዋናው አስፋልት የሚገነጠለው እዚሁ አዘዞ ላይ ነው፤ ልጅ ሆነን የጭነት መኪና የምንቆጥረው መገንጠያው ላይ ቆመን ነበር። ከዚያ ጦርነት አንድ ዓመት ቀደም ብሎም ድርቡሾች ደምቢያ ውስጥ ሳር ውሃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ሰብረው ጎንደርን አቃጥለዋል። እንግዲህ የዚህ የአድዋ ልጅ ዕጣ የተወሰነው እኛ በየቀኑ ቆመን ታክሲ በምንጠብቅበት አቅጣጫ ነው። ይህን ሳውቅ መጽሐፉን ያነበብኩበት ዓይን እንደተለወጠ አልክድም።

አባቱ ሞቱ፤ ክፉ ቀን መጣ። ልጁ ምፅዋ አጠገብ ምንኩሉ የነበረው የስዊድን ሚሲዮን ደረሰ። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም ይመስላል፦ ከጓደኞቹ ጋር ወደብ ላይ የቆመ የጀርመን መርከብ ሊያይ ገብቶ፣ መርከቡ ሲነሳ ውስጥ ተደብቆ ቀረ። አውሮፓ ወሰዱት፤ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ አሳደገው፤ በርሊን ተማረ። ተምሮ ዝም ብሎ እዚያው መኖር ይችል ነበር። ተመለሰ። ለጀርመኖች አስተርጓሚ ሆኖ የታመሙት ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገባ፤ ብዙ ሳይቆይ በቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ከአገር መውጣት ግድ ሆነበት። ኋላ ደግሞ ተመልሶ የድሬ ዳዋ ነጋድራስ ሆነ፤ ማለትም የነጋዴው አለቃና የጉምሩኩ ሹም። በ1911 ዓ.ም. በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ገደማ ሞተ።

ሠላሳ ሦስት። እኔና ጓደኛዬ እዚያ ዕድሜ ላይ ለመድረስ ብዙ አልቀረንም።

ከእሱ የቀሩን ዋና ሥራዎች ሁለት ናቸው። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ፣ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ በወጣው «ብርሃን ይሁን» ውስጥ ታተመ፤ ይህን በሕይወት እያለ አይቶታል። ሁለተኛው ጓደኛው ያሳተመለት ነው። ሁለቱን አከታትሎ ያነበበ ሰው ልዩነታቸው ቶሎ ይታየዋል። የመጀመሪያው ፊቱ ወደ ላይ ነው። ከቴዎድሮስ ጀምሮ የነገሥታቱን ታሪክ ይናገርና ወጣቱ ልጅ ኢያሱ ምን ማድረግ እንደሚገባው ይዘረዝራል። ግብሩ የታወቀና የተወሰነ ይሁን፤ የንጉሡ ኪስና የመንግሥት ግምጃ ቤት ይለይ፤ ወታደሩ ይሠልጥን፤ ሕግና ገንዘብ አንድ ወጥ ይሁን፤ ትምህርት ይስፋፋ፤ ሰው በሃይማኖቱ አይገደድ። ጃፓን እንደ ምሳሌ ትመጣለች።

ዝርዝሩ ግሩም ነው። ገሚሱን ዛሬም ዜና ላይ እንሰማዋለን። ግን እንደ ጽሑፍ ይህን ዓይነት ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱም እኔም ጽፌዋለሁ። ከኮሌጅ በተመለስኩ በሦስተኛው ወር 32 ገጽ የሆነ «የፕሮጀክት ሐሳብ» አዘጋጅቼ ለአንድ ቢሮ አስገብቻለሁ። አዘዞ ላይ ለወጣቶች የንባብ ቤት ስለማቋቋም ነበር። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ ግብ፣ ዝርዝር ተግባር። በየገጹ «መንግሥት ይህን ቢያደርግ» ይላል። አሁን ሳስበው አንድም ቦታ ላይ «እኔና እነ እገሌ ይህን እናደርጋለን» አይልም። ተምሮ የመጣ ሰው የመጀመሪያ በሽታው ይህ ይመስለኛል፤ ዕውቀቱን ይዞ ቀጥታ ወደ ትልቁ ሰው በር ይሄዳል። ገብረ ሕይወት ጎበዝ ስለነበረ በሽታውን በሚያምር አማርኛ ታመመው፤ እኔ በፓወር ፖይንት አማርኛ።

ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ግን አንድ ነገር ተሰብሯል፤ ወይም በስሏል። ምክሩ አልጠፋም፤ ክብደቱ ግን ወደ ማስረዳት ዞሯል። ሀብት ከየት ይመጣል? ከሥራ። ሥራ ለምን አንዱን አገር ሲያበለጽግ ሌላውን ከድካም አያልፍም? በመሣሪያና በዕውቀት ልዩነት። ገንዘብ ራሱ ሀብት ነው ወይ? አይደለም። እንዲህ እያለ አንዱን በሌላው ላይ ይደረድራል። ይህን ሁሉ የሚለው ኢኮኖሚክስ የሚባል ነገር በአማርኛ መጠሪያ እንኳ ባልለመደበት ጊዜ ነው። አዲስ ቃል አይፈጥርም፤ ሥራ፣ መሣሪያ፣ ንግድ፣ ገንዘብ፣ ዕውቀት የሚሉትን ገበያ ላይ ያሉ ቃላት ወስዶ ያሠራቸዋል። የዘመኑ የደብዳቤ ወግ፣ ውዳሴና ማሽሞንሞን የለበትም። ዓረፍተ ነገሩ ሐሳቡ ሲያልቅ ያልቃል። እኛ «የአቅም ግንባታ»ና «ባለድርሻ አካላት» እያልን በሦስት መስመር የማንጨርሰውን እሱ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። አራት ዓመት ሙሉ ከተማርኩባቸው የተባዙ ሞጁሎች ጎን ሳስቀምጠው ያፍራሉ።

ስለ ንግድ የሚለው ክፍል ግን የመጽሐፉ ልብ ነው። ያወቀ ሕዝብና ያላወቀ ሕዝብ ሲገበያዩ፣ ያላወቀው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የሌላውን የጥቂት ቀን ሥራ ይገዛል፤ ስለዚህ ንግዱ በሰፋ ቁጥር አንዱ ይወፍራል፣ ሌላው እየሠራ ይደኸያል። የባቡር ሐዲዱ ራሱ፣ ዕውቀት ካልተጨመረበት፣ የሌላውን ዕቃ ማስገቢያ ብቻ ይሆናል። ይህን የሚለው ሰው ድሬ ዳዋ ላይ ተቀምጦ በየቀኑ የሚገባና የሚወጣ ዕቃ ይቀርጥ እንደነበረ አስታውሱ። ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1950 ፕሬቢሽና ሲንገር ካወጡት ሐሳብ ጋር ያስተያዩታል፤ የጥሬ ዕቃ አምራች አገር ከፋብሪካ አገር ጋር ሲነግድ ውሎ አድሮ ይጎዳል የሚለው ማለት ነው። ገብረ ሕይወት ያን ጊዜ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ይህን ክፍል አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጓደኛዬ የምስክር ወረቀት እያላመነተ ነበር። ቀና ሳይል «ታዲያ ይኼ የዘይቱ ነገር አይደል እንዴ» አለኝ።

የዘይቱ ነገር ማለት እንዲህ ነው። በመገንጠያው በኩል ከመተማ ቆላ የሚወጣው ዋናው ጭነት ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ የዘይት እህል ነው። ሰሊጡ በጆንያ እንዳለ ወደ ውጭ ይሸጣል፤ አዘዞ ላይ ያለች እናት ደግሞ ወጥ የምትሠራው ከውጭ በሚመጣ የፓልም ዘይት ነው፤ ዶላር ሲወደድ እሱም ይወደዳል፣ ሲጠፋ ሰልፍ ይወጣል። ጓደኛዬ ፕሬቢሽን አያውቅም። ግን እናቱ ዘይት ሰልፍ ላይ ስትቆም አብሮ ቆሟል። አንድ ጽሑፍ ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ባለሱቅ ቀና ሳይል ሊገባው ከቻለ፣ ስለ አጻጻፉ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።

በሚቀጥለው ገጽ ግን ተጣላን። ማለት ጓደኛዬና ገብረ ሕይወት። ስላላወቀው ሕዝብ የሚለውን እያነበብኩለት ሳለ እጁን ከማሽኑ አንስቶ፣ «ቆይ፣ እኔን ነው የሚለው?» አለ።

ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የመጽሐፉን ዋና ድክመት ነው የነካው። ገብረ ሕይወት ሕዝቡን ይወዳል፤ ይህን መጠራጠር አይቻልም። ስለ ሕዝቡ ይናገራል እንጂ ከሕዝቡ ጋር አይናገርም። ገበሬው መጽሐፉ ውስጥ እጅ አለው፤ አፍ የለውም። ይሠራል፣ ይደክማል፣ ይዘረፋል፤ ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚያውቅ አንሰማም። ዕውቀት ሲባል ደራሲው የሚያየው አውሮፓን፣ ሲጨምር ጃፓንን ነው። የደምቢያ ገበሬ ስለ ጥቁር አፈሩ የሚያውቀው ነገር፣ የመተማ ነጋዴ ስለ ግመሉና ስለ ሱዳን ገበያ የሚያውቀው ነገር፣ ጎንደር ላይ ቅኔ የሚዘርፈው ተማሪ የሚያውቀው ነገር፣ ከዕውቀት መዝገብ አልገባም። ሴቶችማ አይነሱም ማለት ይቻላል፤ ጠላ ጠምቃ ቤት የምታስተዳድር ሴት ደግሞ ስለ ሥራና ስለ ሀብት አንድ ሁለት ነገር ልትነግረው ትችል ነበር። ሥራ የሀብት ሁሉ ምንጭ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ትንሽ ክፍተት አይደለም፤ ሠሪዎቹን ከሥራቸው ነጥሎ ማየት ነው።

ለመከላከል የሚባል አለ። ሕፃን ሆኖ ወጥቶ በጀርመንኛ ያደገ ሰው ነው። አገሩን ያገኛት እንደ አዋቂ፣ እንደ ሹም ነው። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አብሮት አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠ፣ «እኔን ነው የምትለው?» የሚለው ሰው አልነበረውም። እኔ አለኝ። ገብረ ሕይወት ላይ የምበልጠው በዚች ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም አልተጠቀምኩባትም።

ተምሮ የመጣ ሰው ታሪክ በልብ ወለዶቻችንም አለ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ «አዲስ ዓለም» (1925 ዓ.ም.) ላይ የተጉለቱ ልጅ አወቀ ፓሪስ ተምሮ ይመጣና ከዘመዶቹና ከካህናቱ ጋር ስለ ተዝካር፣ ስለ ሠርግ ይጋጫል። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» (1941 ዓ.ም.) ላይ ደግሞ ባለታሪኩ ፈረንሳይ እርሻ ተምሮ ይመለሳል፤ አገሩን ላገልግል ሲል የሚገጥመው ሴራ ነው። ሁለቱንም እወዳለሁ፤ የግርማቸውን ይበልጥ፤ አባቱ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ራሳቸው ሩሲያ ተምረው የመጡና የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ስለነበሩ ምሬቱ ከቤት የወጣ ይመስላል። ግን ሁለቱንም ስናነብ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ አገሩ ተቀበለው ወይስ አልተቀበለውም? ባለታሪኩ በአንድ ወገን፣ አገር በሌላ ወገን። እኛም ተመርቀን ስንመጣ ራሳችንን የምናየው እንደዚህ ነው፤ እናቶቻችንም ጭምር። «ልጄ ተምሮ መጥቶ ማን ተቀበለው?» ይላሉ። የገብረ ሕይወትና የጳውሎስ ታሪክ ይህን ጥያቄ ይቀይረዋል። አገሩ አንዴ ተቀበለው፣ አንዴ አባረረው፣ አንዴ ሾመው። ያ ሁሉ ሹመት ዛሬ የለም። ዛሬ ያለው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱም ያለው አንድ ሰው ስለያዘው ነው።

በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ አይደለም። ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1883 ሲሞት የ«ካፒታል» ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ያላለቀ ረቂቅ ነበር፤ ኤንግልስ ሁለተኛውን በ1885፣ ሦስተኛውን በ1894 አወጣ። የቀረውን ዕድሜውን በሟች ጓደኛው የእጅ ጽሑፍ ላይ ጨረሰ ማለት ነው። ካፍካ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው፤ የገብረ ሕይወት መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ በታተመበት ዓመት መሆኑ ነው። ካፍካ ጽሑፎቼ ይቃጠሉ ብሎ ነበር፤ ወዳጁ ማክስ ብሮድ እንቢ ብሎ አሳተማቸው። ስለ ኤንግልስና ስለ ብሮድ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ተመስግነዋል፣ ተወቅሰዋልም። ስለ ጳውሎስ መናመኖ እኛ ምን ጻፍን?

እስቲ የ1916ን አዲስ አበባ አስቡት። የማተሚያ ማሽን በጣት የሚቆጠር ነው። አንባቢው ጥቂት ነው። ደራሲው ሞቷል፤ ስለዚህ ከእሱ ሹመት አይጠበቅም፣ ውለታ አይመለስም። መጽሐፉ ደግሞ ጠጅ ቤት የሚነበብ ተረት አይደለም፤ ስለ ሥራና ስለ ቀረጥ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ንግድ ነው። ይህን ለማተሚያ ቤት ማድረስ ምን ዓይነት ሥራ ነው? እኔ ልብወለድ ጸሐፊ ብሆን የምጽፈው ስለዚህ ሰው ነበር። ጀግና የሚያሰኝ ነገር የለበትም፤ ድካም ብቻ ነው ያለበት። የሕዝብ አገልግሎት የሚባለውን ነገር ካየሁት ደግሞ እዚህ ጋ ነው ያየሁት፤ ቤተ መንግሥቱ ውስጥም ጉምሩኩ ውስጥም አላየሁትም።

እዚሁ ጎንደር ውስጥ ይህን የሚመስል ነገር ተሞክሯል፤ ሳላነሳው ማለፍ አልፈልግም። የጤና ኮሌጁ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ደምቢያን የጨረሰው የወባ ወረርሽኝ ነበር። የሠለጠኑት ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የንጽሕና ባለሙያዎች ነበሩ፤ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚላኩትም በቡድን ነበር። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናቶችን ትከታተላለች፣ አንዱ ውሃና ሽንት ቤቱን ያያል። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጣው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ልኮ አስተምሯል። ሁለቱን ሳወዳድር ልቤ ወደ ጎንደሩ ያደላል። ለብቻህ ስትላክ ሐዋርያ ነኝ ብለህ ታስባለህ። ሽንት ቤት ከሚያስቆፍር ባልደረባ ጋር ስትላክ ግን ሐዋርያነቱ ቶሎ ይለቅሃል።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ለሁለት ሰው ሥራ ነው ብዬ ሳነበው የሚለወጠው ምንድን ነው ብዬ ነበር። አንደኛ ነገር፣ ቁጣው ይለወጣል። ገብረ ሕይወት ብዙ ቦታ ተስፋ የቆረጠ ይመስላል፤ አገሪቱ ካልነቃች እንደምትጠፋ እርግጠኛ ነው። ለብቻው ስታነበው ይህ ድምፅ ያደክማል። የያዝከው ወረቀት ግን ሌላ ሰው ተስፋ ሳይቆርጥ ያሳተመው ነው። እያንዳንዱ የምሬት ገጽ ጀርባ ላይ «ቢሆንም ይነበብ» ያለ ሰው አለ። ሌላም አለ፤ መጽሐፉ ሞልቶ የማያውቅበት ቦታ፣ ሐሳቡን ጀምሮ የተወበት ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ደራሲው ሠላሳ ሦስት ዓመቱ እንደነበረ ታስታውሳለህ፤ ትንሽ ይቅር ትለዋለህ። እኔ ቢያንስ ስለ ገበሬው አፍ የቆጠብኩትን ቁጣ በዚህ ምክንያት ቀነስኩለት። ጓደኛዬ ግን አልቀነሰለትም።

የዩኒቨርሲቲው ፕሬስ ሥራዎቹን ሰብስቦ እስኪያወጣቸው ድረስ መጽሐፉን ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ አሁን ይገኛል። ለምን ኮርስ ውስጥ እንደማይገባ አላውቅም ማለት ውሸት ይሆንብኛል፤ በአማርኛ ስለተጻፈ ነው። ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን በእንግሊዝኛ ተምረን፣ በአማርኛ ለሚያመለክት ሕዝብ፣ በሁለቱ መሃል በሆነ ቋንቋ መልስ እንሰጣለን። ገብረ ሕይወት ጀርመንኛ እያወቀ በአማርኛ መጻፉ ራሱ የአገልግሎት ሐሳቡ አካል ነበር። አነበባችሁትም አላነበባችሁትም፣ ዲፓርትመንታችሁ ይህ ከሆነ፣ ስለ ንግድ ከሚለው ክፍል ጀምሩ፤ የነገሥታቱን ታሪክ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

የኔ 32 ገጽ ምን እንደሆነ የምትጠይቁ ካላችሁ፦ «እናየዋለን» ተብሎ ቀረ። ሁለት ዓመት አልፎታል። መሃል ላይ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኔትወርክ ሲጠፋና ሲመጣ፣ እኔም ረሳሁት። ላፕቶፔ ተበላሽቶ ፋይሉ አብሮ ጠፋ፤ ብዙም አላዘንኩም። አሁን በኮንትራት መዝገብ ቤት እሠራለሁ፤ የሰው ማመልከቻ ቁጥር እሰጣለሁ። አዲስ አበባ ሄጄ ልሞክር ወይስ እዚሁ ልቆይ የሚለውን ከጓደኛዬ ጋር በሳምንት አንዴ እንከራከራለን።

ይህን ጽሑፍ የተየብኩት ሱቁ ውስጥ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ነው። ፋይሉን የማስቀምጥበት ስፈልግ በስሜ የተከፈተ ፎልደር አገኘሁ። ውስጡ የ32 ገጹ ሰነድ አለ፤ ያኔ የተየበው እሱ ስለነበረ ከእሱ ኮምፒውተር አልጠፋም። ከፈትኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉትን የፊደል ግድፈቶች አርሟቸዋል። «መንግሥት ቢያደርግ» የሚለውን አልነካም፤ ከጎኑ ግን በቀይ «ማን?» የሚል ጽፏል። በአሥራ ሁለት ቦታ።

«መቼ ነው ይኼን ያየኸው?» አልኩት።

«ሥራ ሲቀዘቅዝ» አለኝ።

አትምልኝ አልኩት። ሁለት ቅጂ አወጣ። አንዱን ከመደርደሪያው ላይ፣ ከመታወቂያ ፎቶዎቹ አጠገብ አስቀመጠ። የሌላውን ሒሳብ ተቀበለኝ።